ደሬ፣ ልጆችህ መጮኽ ጀምረዋል

ጎተንበርግ፣ ግንቦት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለደረጀ፤

እንደምን ከርመሃል? እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰህ። ዛሬ ዳግም ትንሣኤ ስለሆነ ብዙም አልዘገየሁም ብዬ ራሴን እያጽናናሁ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሥራ አለ፣ ብርዱም ለቀቅ አድርጎናል፣ ልጄም አማርኛዋን በስዊድንኛ እያዋዛች አድጋለች። እማማ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ታከሙ ወይስ አሁንም ከጠበል ሌላ አልሞክርም ብለው ነው? በመካከላችን ያለውን ዝምታ ማን ጀመረው የሚለውን ለሽማግሌ እንተወው። ሁለታችንም ጠፍተናል፣ በቃ።

አሁን ብዕር ያነሣሁት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆቹ አዲስ አልበም ሊያወጡ ነው።

ሲጉር ሮስን፣ ያንን የአይስላንድ ባንድ ነው የምልህ። አልበሙ «ክቬይኩር» ይባላል፣ ሰኔ 10 ይወጣል። እስካሁን ሁለት ዘፈን ብቻ ለቀዋል፤ በነዚህ በሁለቱ ምክንያት የማውቃቸው አድናቂዎች ሁሉ ጎራ ለይተው እየተነታረኩ ነው። እኔ ደግሞ የማወራው ሰው አጥቼ ከረምኩ። እዚህ ካሉት የአገራችን ልጆች ጋር ስለዚህ ባንድ ላንሣ ብል «ደግሞ አንተና የበረዶ ዘፈንህ» ነው መልሱ። ያስለመድከኝ አንተ ስለሆንክ ጣጣውንም አንተው ትሰማለህ።

መቼም አትረሳውም፤ በእኛ ሚሌኒየም ዓመት ለተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ የጂኦተርማል ሥልጠና ሬይካቪክ ስድስት ወር ስትቀመጥ፣ ሰኔ 21 ቀን ሎይጋርዳሉር መናፈሻ ውስጥ አይስላንዳዊቷ ዘፋኝ ቢዮርክና እነሱ በነፃ ዘፈኑ። 30 ሺህ ያህል ሰው ወጣ፤ የአገሩ ሕዝብ ከ300 ሺህ ብዙም ስለማይበልጥ ከአሥሩ አንዱ እዚያ ሜዳ ላይ ነበር ማለት ነው። ኮንሰርቱ ደግሞ ለአሉሚኒየም ፋብሪካ ሲባል የአገሩ ወንዝና ፍልውሃ አይታረድ የሚል ነበር። አንተ ፍልውሃ ቁፋሮ ልትማር ሄደህ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ስታጨበጭብ አመሸህ። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

ስትመለስ ሁለት ሲዲ አመጣህልኝ፤ አንዱ የ1999ኙ «አውጋይቲስ ቢርዩን»፣ ሁለተኛው በዚያው ሰሞን የወጣው፣ ሽፋኑ ላይ ራቁታቸውን አስፋልት የሚያቋርጡ ሰዎች ያሉበት (እናትህ እንዳያዩት የመጽሐፍ ልባስ ያለበስከው)። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ፣ አትደናገር። ስለ ሁለተኛው ምን ብለህ ነበር? «ይሄ የእነሱ አይደለም፤ ጊታር እየገረፉ የሚዘሉ ልጆች ሆነዋል፤ ጭራሽ በእንግሊዝኛም ዘፍነዋል» ብለህ አላማረርክም? አዎ ብለሃል። አሁን እዚህ የምሰማውን ክርክር ስሰማ የአንተ ድምፅ ነው ጆሮዬ ላይ የሚያቃጭለው።

መጀመሪያ የተለቀቀው ዘፈን «ብሬኒስቴይን» ነው። ድኝ ማለት ነው፣ የአንተ የሥራ ባልደረባ። ወደ ስምንት ደቂቃ ይጠጋል። ሲጀምር ስፒከርህ የተቀደደ ነው የሚመስልህ፤ እኔ በእውነት ገመዱን ነካክቼ አየሁ። ከዚያ ቤዙ ይገባል። ያ ጌዮርግ ሆልም፣ ስንት ዓመት ከኋላ ቆሞ ሌላውን ሲያጅብ የኖረው፣ አሁን ዘፈኑን በሙሉ ተሸክሞት ይሄዳል፤ ድምፁ ከመሬት ሥር የሚጎተት ነገር አለው። ኦሪ ከበሮውን ያለ ርኅራኄ ይደበድባል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ዮንሲ ያንኑ የምታውቀውን ቀጭን ድምፁን፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ይለቀዋል። ጊታሩንም እንደ ድሮው በቼሎ ደጋን እንደ ማሲንቆ ይገዘግዘዋል፤ ልዩነቱ ያኔ ያለቅስ ነበር፣ አሁን ይቆጣል። መጨረሻው ላይ ጩኸቱ ይረግብና ረጋ ያለ ነገር ይከተላል። ሰው ግን እዚያ ድረስ ታግሦ የሚሰማ አይመስለኝም፤ ፍርዱ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው የሚያልቀው።

ይህን ዘፈን ስሰማ የነገርከኝ ትዝ አለኝ፤ ሬይካቪክ ሻወር ስትገባ ሙቅ ውሃው የተበላሸ እንቁላል ይሸት ነበር፣ ሰዎቹ ከመሬት ሥር ስለሚያመጡት። አፋርም አይስላንድም ምድር የምትሰነጠቅባቸው ቦታዎች ናቸው እያልክ በናፕኪን ላይ ስትሥልልኝ እኔ ስለ ዘፈን እንድታወራልኝ ነበር የምፈልገው። ዳሎል ቆመህ ይህን ዘፈን ብትሰማው ከእኔ በላይ ይገባሃል ብዬ አስባለሁ።

ወደ ጭቅጭቁ ልመለስ። አብረን የምንሰማ ሦስት አራት ሰዎች አለን። አንዱ ስዊድናዊ ነው፣ ጎልማሳ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብሯቸው ያለ። ሴት ልጁን ያስተኛት በ2005ቱ አልበማቸው በ«ታክ» ነው። አዲሱን ዘፈን ስናሰማው ፊቱ ጠቆረ። «እኔ ይህን ከፈለግሁ ሄቪ ሜታል እሰማለሁ፤ ወደ እነሱ የምሄደው ዓለም ሲጮኽብኝ ነው» አለ። ከጓደኞቻችን በዕድሜ የምታንሰው ደግሞ እዚያው «እሰይ፣ በመጨረሻ ነቁ!» ብላ ተነሣች። ባለፈው ዓመት የወጣውን «ቫልታሪ»ን እሷ የእንቅልፍ ኪኒን ነው የምትለው። (እሱ የወጣው በግንቦት 20 ነበር። አንተ ሰልፍ ላይ፣ እኔ የሌሊት ሥራ ጨርሼ አልጋ ላይ ነበርኩ መሰለኝ።) ስዊድናዊው ለ«ቫልታሪ» ሲሟገት ሰማሁትና በጆሮዬ አላመንኩም፤ አምና እኮ «ምንም አይፈጠርበትም፣ ከበሮው የት ገባ?» ሲል የነበረው እሱ ራሱ ነው! አሁን ከበሮው ሲመጣ ደግሞ በዛ አለ።

ሦስተኛው የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አብረን ሌሊት የምናድር አይስላንዳዊ። እሱን ጠየቅሁት። ትከሻውን ነቀነቀና «እኛ በልጅነታችን ጋራዥ ውስጥ የምንሰማው ይሄን ነበር፤ እናንተ ፏፏቴና በግ ስትፈልጉብን ነው የቆያችሁት» ብሎኝ ሻዩን ጠጣ። በጣም ደስ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከውጭ ያለን ሰዎች ይህን ባንድ እንደ ፖስትካርድ ነው የያዝነው።

አሁን የእኔን ሐሳብ ልንገርህ፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት። ጩኸቱ አዲስ ነው የሚለው ትክክል አይመስለኝም። የ1997ቱን የመጀመሪያ አልበማቸውን «ቮን»ን ፈልገህ ስማው። ያኔ አገራቸው ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው 300 ምናምን ቅጂ ብቻ ነው ይባላል፤ ምክንያቱም ሲከፈት የሚሰማው ጨለማ ውስጥ የሚቃትትና የሚጮኽ ነገር ነው። በ2002 ደግሞ ርዕስ የሌለውን አልበም አወጡ፤ ግጥሙ ትርጉም በሌለው በራሳቸው ቋንቋ፣ ከሲዲው ጋር ያለችው ደብተር ባዶ ወረቀት፣ መካከሉ ላይ 36 ሰከንድ ዝምታ። የዚያ አልበም የመጨረሻው ዘፈን ከአሥር ደቂቃ በላይ ቀስ እያለ ያድግና ጣሪያ ያፈርሳል። ኮንሰርታቸውን የሚዘጉትም በእሱ ነው። ስዊድናዊው ወዳጄ ስንት ጊዜ ፊት ለፊት ቆሞ ሰምቶታል! ያኔ ጩኸቱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ይቅር ይለዋል። አሁን ግን በር ከፍቶ ሳያንኳኳ ገባበት።

ስለዚህ የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ፒያኖ ተጫዋቹ ኪያርታን ሄደ። ጥር ላይ ነው የተነገረው። ዕድሜዬን ግማሽ ያህል ለባንዱ ሰጥቻለሁ፣ አሁን ሌላ ነገር ልሥራ በሚል ነው የወጣው፣ ፀብ የለም። ባለፈው ዓመት ጉዞም ላይ አልነበረም፤ ብዙ ሰው ያኔም ጠርጥሯል። ከእነሱ መካከል ሙዚቃን ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው እሱ ነበር፤ ፒያኖውም ኦርጋኑም የእሱ ነበር፤ ቫዮሊኖቹ መቼ ገብተው መቼ እንደሚወጡ ዐይኑን የሚጥልበትም እሱ ነበር። አሁን ሦስት ሰዎች ቀሩ፣ ቤዝ፣ ከበሮና ጊታር። ሦስት ሰው ያንን ሰፊ ክፍተት በምን ይሙላው? በክብደት። እኔ «ብሬኒስቴይን» ላይ የምሰማው ይህን ነው። ሌላ ፒያኖ ተጫዋች ቀጥረው የድሮውን ቢያስመስሉ ኖሮ አድናቂው ሁሉ በደስታ ይገዛው ነበር፣ እኔ ግን ያኔ ነበር የምሰለቻቸው።

ጂጂ በ2001 ከአሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ከቢል ላስዌል ጋር የሠራችው አልበም ሲወጣ አገር ቤት የነበረውን ክርክር አስታውስ። አጎቴ ቤት «ዜማችንን ለጃዝ ሸጠችው» ተብሎ ምሳ ሳይበላ ተነሥተናል። አጎቴ ዛሬ መኪናው ውስጥ ያንኑ ካሴት እየሰማ ነው የሚነዳው፤ ጠይቀው፣ ድሮም ወድጄዋለሁ ይልሃል።

ሁሉንም አመስግኜ ልጨርስ አልልም። ሁለተኛው ዘፈን «ኢስያኪ» አሳስቦኛል። ፈጠን ያለ ነው፣ የሚያንቃጭል ብረት ብረት የሚል ምት አለው፣ ዝማሬው ደግሞ አንዴ ከሰማኸው ሳምንት ሙሉ አፍህ ላይ ይቀራል። ልጄ ቃሉን ሳታውቅ ትዘፍነዋለች። ጥሩ ዘፈን ነው፤ ግን ድፍረቱ ከላይ የለበሰው ልብስ ብቻ ሆኖ ተሰማኝ፤ ልብሱን ብትገፈው ውስጡ ቀላል የሬዲዮ ዘፈን ነው። የሚገርመው ስዊድናዊው ይህኛውን ወደደው፣ ያቺ ታናሿ ጓደኛችን ደግሞ ቀዘቀዘች፤ ጎራው ተቀያየረ ማለት ነው። እኔ የምፈራው አልበሙ በሙሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የሚጮኽ እንዳይሆን ነው። ኪያርታን እያለ ዝምታው የሚጠበቅ ነገር ነበረው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ያስጓጓህ ነበር። አሁን ያንን ማን ይጠብቀዋል? ዘጠኝ ዘፈን ነው ያለው፤ ከዘጠኙ ቢያንስ ሁለቱ ካልተነፈሱ ጆሮ ይደክማል።

ቫዮሊን የሚጫወቱትን የአሚናን ሴቶችም መጥቀስ አለብኝ፤ አንተ እኮ ከባንዱ ይልቅ እነሱን ነበር የምታደንቀው። እነሱ ከልጆቹ ጋር መዞር ካቆሙ ቆይተዋል። አሁን መድረክ ላይ ሌሎች የገመድና የናስ መሣሪያ ተጫዋቾች አብረዋቸው አሉ፤ አጃቢ ናቸው እንጂ የእነሱን ያህል የዘፈኑ ባለቤት አይመስሉም። ይህ ቅር ቢልህ አልፈርድብህም።

ደብዳቤውን የማደርስልህ እዚህ ቤተ ክርስቲያን በማውቀው፣ ለወንድሙ ሠርግ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ልጅ እጅ ነው። ከደብዳቤው ጋር አንዲት ፍላሽ አለች። ዩቲዩብ እየተንቀራፈፈ ስምንት ደቂቃ ዘፈን ግማሽ ቀን እንደሚፈጅብህ ስለማውቅ ሁለቱንም ዘፈኖች፣ «ቮን»ን እና የ2002ቱን ጨምሬ ጭኜልሃለሁ። አሉቶ ቁፋሮ ላይ ከሆንክ ልጁ ለታላቅ እህትህ ይሰጣታል፤ ስልኳ አልተቀየረም አይደል? መጀመሪያ «ቮን»ን ክፈት፣ ከዚያ «ብሬኒስቴይን»ን። በላፕቶፕ ስፒከር እንዳትሰማው፣ ቤዙ ጨርሶ አይሰማህም፤ ያንን ትልቁን ጆሮ ማዳመጫህን አድርግ።

ልጁ ሦስት ሳምንት ተቀምጦ ይመለሳል። መልስህን ጽፈህ ለእሱ ስጠው፣ ኢሜይል ይሻለኛል ካልክም እሺ፣ ብቻ አልበሙ ሳይወጣ ንገረኝ። ከኪያርታን ውጭ ይዘልቃሉ ወይስ አይዘልቁም? ከሰኔ 10 በኋላ የሚጻፍ መልስ አልቀበልም፤ ያኔማ አዋቂ ያልሆነ ማን አለ!

ወንድምህ፣
ብርሃኑ