የምትወዳቸው ራፐሮች ዘመዶች

ወንድሜ፣

እንዴት ነህልኝ? ተጠፋፋን። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ መቁጠር ከጀመርን ደብዳቤው በዚያው ያልቃል፤ ስለዚህ እሱን እንለፈው። እኔ ደህና ነኝ። ሥራም አለ፣ ጤናም አለ። ዛሬ የጻፍኩልህ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው።

መጨረሻ ስናወራ ያልከኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። "ከናስ፣ ከዱም፣ ከላውሪን ሂል በኋላ ራፕ የለም። ኬንድሪክ የመጨረሻው ነው። የአሁኖቹ ያጉተመትማሉ እንጂ አይገጥሙም" ብለኸኝ ነበር። ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ።

"ናስን የሚመስል አዲስ ልጅ" ብለህ ከፈለግክ የምታገኘው ናስን ለመምሰል የሚጥር ልጅ ነው። እንደዚህ ያሉ ሞልተዋል። የ1994ቱን ከበሮ ያስቀምጣሉ፣ ድምፃቸውን ያጎረንናሉ፣ ናስ ያደገበትን፣ እነሱ ግን ያልኖሩበትን የኩዊንስብሪጅ (የኒውዮርክ ሰፈር) ኑሮ ይተርካሉ። ሁለት ዘፈን ትሰማና ወደ ዋናው ሰውዬ ትመለሳለህ። አልፈርድብህም፣ እኔም እመለሳለሁ። የሙዚቃ አፖቹም ቢሆኑ እዚህ ላይ ብዙ አይረዱህም። ከሚጠቁሙት ብዙው ሰዎች አብረው የሚሰሙትን አይተው ነው። ናስን የሚሰማ ሰው ሞብ ዲፕንም ጄይ-ዚንም ይሰማል። ስለዚህ የምታውቀውን ደጋግመው ያቀርቡልሃል። ገና አድማጭ ያልሰበሰበ ልጅ እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም።

ለእኔ የሠራልኝ ዘር መቁጠር ነው። ይህ ሰው ከማን ጋር ሠራ? ቢቱን፣ የሚገጥምበትን ሙዚቃ፣ ማን ሰጠው? በማን አልበም ላይ ለአንድ ቨርስ (በዘፈኑ ውስጥ ለሚገጥማት አንድ ክፍል) ብቅ ብሎ ጠፋ? እንዲህ እያልክ ከምትወደው ሰው ተነስተህ ወደ ታች ትወርዳለህ።

የእንግዳ ቨርስን ነገር እንይ። ናስ ራሱ መጀመሪያ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1991 ሜይን ሶርስ በሚባል ቡድን ዘፈን ላይ በእንግድነት ገብቶ ነው። የራሱ አልበም የወጣው በ1994 ነው። ሦስት ዓመት! ስኑፕም በ1992 ከዶክተር ድሬ ጎን ሲሰማ አልበም የሚባል ነገር አልነበረውም። ያኔ ለእንግዳው ጆሮ የሰጠ ሰው ቀድሞ አወቃቸው። ዛሬም ነገሩ ያው ነው። ኬንድሪክን የመጨረሻው አልከው አይደል? ሰውዬው ራሱ ባንተ አይስማማም። በ2024 መጨረሻ ጂኤንኤክስን ሲያወጣ አልበሙን በታላላቅ ስሞች መሙላት ይችል ነበር። ሲዛንና ሮዲ ሪችን አስገባ፣ እሱስ አለ። ከዚያ ውጭ ግን ማይኩን የሰጠው ለከተማው ልጆች ነው፤ ለዶዲ ሲክስ፣ ለፔይሶ፣ ለሌፍቲ ገንፕሌይ። ከሎስ አንጀለስ ውጭ እነዚህን ስሞች የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም። ሁሉም ይቆያሉ አልልህም። የአንዳንዶቹ ቨርስ ከራሳቸው ሙሉ ሥራ ይበልጣል። ቢሆንም መነሻ ይሆንሃል።

አሁን ወደ ዱም እንምጣ። ፊቱን በጭምብል የሚሸፍነው ሰውዬ። ያንተ ድክመት እሱ ነው፣ የእኔም። ሰሙን ሰምተህ ስትስቅ ወርቁ ከሁለት መስመር በኋላ የሚደርስህ ሰው። ማረፉ በ2020 የመጨረሻ ቀን ሲነገር ብዙ ሰው ይህ በር ተዘጋ ብሎ ነበር። ደግሞ ካረፈ ሁለት ወር አልፎት ነበር። አካሄዱ ሁሉ እንደ ጭምብሉ ነው።

በሩ ግን አልተዘጋም። ኧርል ስዌትሸርትን ታስታውሰዋለህ፤ ከራፐሩ ታይለር ጋር በአንድ ቡድን የነበረው ልጅ። ከ2018ቱ አልበሙ ወዲህ አጫጭር፣ ጭጋጋማ፣ ከበሮው የደበዘዘ ሙዚቃ ይሠራል። መጀመሪያ ስትሰማው ያልተጠናቀቀ ይመስልሃል። አትቸኩል። ከእሱ ጎን ማይክ የሚባል የኒውዮርክ ራፐር አለ። ድምፁ ወፍራም፣ አካሄዱ ዝግ ያለ ነው። እናቱን ካጣ በኋላ የገጠማቸው ግጥሞች ልብ ይበላሉ። ከዚያ ማቪ ይመጣል፤ የሻርሎት፣ ኖርዝ ካሮላይና ልጅ። በኧርል የ2019 ኢፒ (አጭር አልበም) ላይ በእንግድነት ገብቶ ሰማሁትና ቨርሱን ደጋግሜ መለስኩት። "ይሄ ደግሞ ዱምን በምኑ ይመስላል?" ትለኝ ይሆናል። በድምፅ አይመስልም። ቃሉን የሚያሳርፍበትን ቦታ ግን አዳምጥ። መስመሩ አለቀ ስትል ይቀጥላል። ቤቱን መጨረሻ ላይ ስትጠብቀው መሃል ላይ ይመታዋል። አንተ ዱም ላይ የወደድከው ይሄን ነበር፤ ጭምብሉን አልነበረም።

ጭምብል ከናፈቀህ ደግሞ ማች-ሆሚ አለልህ። የሄይቲ ዝርያ ያለው የኒውጀርሲ ራፐር ነው። ፊቱን አያሳይም። አንዳንድ አልበሞቹን በመቶዎች ዶላር ነው የሚሸጠው፤ ግጥሞቹ ኢንተርኔት ላይ ተጽፈው እንዲወጡም አይፈልግም። ዋጋውን ስሰማ ተናድጄ ነበር። ቅጽል ስድብ ሁሉ አውጥቼለታለሁ። ሙዚቃውን ስሰማ ግን ዝም አልኩ።

እዚህ ሰፈር ውስጥ "አዲስ" ማለት ወጣት ማለት እንዳልሆነም እወቅ። ቢሊ ዉድስ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እየሠራ ነው፤ ብዙ ሰው የሰማው ግን ዘግይቶ ነው። እሱም ፎቶ ላይ ፊቱን ይሸፍናል (ይሄ ፊት መደበቅ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ልማድ ሆኗል)። ከኤሉሲድ ጋር አርማንድ ሃመር የሚባል ቡድን አላቸው። ካ የሚባለው ደግሞ በኒውዮርክ የእሳት አደጋ መኮንን ነበር። ከሥራው ጎን አልበሞቹን በራሱ ወጪ ያወጣ፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ ቆሞ ራሱ ይሸጥ ነበር። በ2024 አረፈ። ከበሮ የለሽ ሊባል በሚችል ቢት ላይ በሹክሹክታ ይገጥም ነበር። ናስን ለትረካው የምትወደው ከሆነ፣ ከዚህ ደብዳቤ አንድ ሰው ብቻ ስጥ ብባል ካን እሰጥሃለሁ።

ፕሮዲውሰር፣ ማለትም ቢት ሠሪውን፣ መከተል ሌላው መንገድ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የማምነው ይሄን ነው። አልኬሚስትን ያዝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሞብ ዲፕ ቢት ይሠራ የነበረው ሰውዬ። በ2020 ከፍሬዲ ጊብስ ጋር፣ በዚያው ዓመት ከዲትሮይቱ ቦልዲ ጄምስ ጋር፣ በ2021 ከአርማንድ ሃመር ጋር፣ በ2023 ከኧርል ጋር፣ ከዚያም ከማይክና ከዊኪ ጋር ሙሉ አልበም ሠርቷል። ቢቱን ስለምታውቀው አዲሱ ድምፅ አይከብድህም። ፕሮዲውሰር መከተል አንዳንዴ ወደ ራሳችንም ያመጣል። ናስና የሬጌው ዴሚያን ማርሊ በ2010 አልበማቸውን የከፈቱበት ዘፈን ከሙላቱ አስታጥቄ የተወሰደ ነው። የፕሮዲውሰሩ ማድሊብ ወንድም ኦ ኖ ደግሞ በ2009 የኢትዮጵያ ሸክላዎችን ቆራርጦ አንድ ሙሉ አልበም ሠራበት።

የኒውዮርኩን ቡድን ዉ-ታንግን ለሚወደው ጆሮህ መልሱ ግሪዜልዳ የሚባል ቡድን ነው፤ ምናልባት ሰምተህ ይሆናል። የባፋሎ ልጆች ናቸው። ዌስትሳይድ ገን፣ ኮንዌይ፣ ቤኒ፤ ሦስቱም ቤተ ዘመድ ናቸው። ኮንዌይ በ2012 በጥይት ተመትቶ የፊቱ አንድ ወገን ሽባ ሆኗል። ያ የሚጎትት አነጋገሩ ከዚያ የመጣ ነው። ብዙ ያወጣሉ፣ ከመጠን በላይ ያወጣሉ። ሁሉንም ለመስማት አትሞክር፣ ይሰለቹሃል።

ላውሪን ሂል ላይ ግን ልቆይ። አንተ "እሷን የምትተካ የለችም" ትላለህ። መተካት ማን አለ? ራፕሶዲን ስማት። ኬንድሪክ በ2015 አልበሙ ላይ ቨርስ የሰጣት እሷ ናት። እሷም አዲስ አይደለችም፣ ላንተ ግን አዲስ ናት። አትጮህም፣ አትቸኩልም፣ ስንኟ ግን ቦታውን አይስትም። የቺካጎዋ ኖኔም ደግሞ በ2013 በራፐሩ ቻንስ ሚክስቴፕ (መደበኛ ያልሆነ አልበም) ላይ በእንግድነት ነው የሰማናት። ጆሮህ ላይ የምታወራ ይመስልሃል፤ ቀልድ ነው ስትል ያምሃል። የለንደኗ ሊትል ሲምዝ በ2022 ሜርኩሪ የሚባለውን የእንግሊዞች የሙዚቃ ሽልማት ወስዳለች። ሦስቱም በድምፅ ላውሪንን አይመስሉም። ስለ ራስ እውነቱን መናገር ግን ሁሉም ይችሉበታል።

ከዚያ ዶቺ። የታምፓ፣ ፍሎሪዳ ልጅ ናት። በ2025 መጀመሪያ በምርጥ የራፕ አልበም ግራሚ ስትወስድ፣ በዚያ ዘርፍ ከእሷ በፊት ያሸነፉ ሴቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ላውሪን ከቡድኗ ከፉጂስ ጋር፣ ቀጥሎ ካርዲ ቢ። እሷን እንደ ጀማሪ መቁጠር አሁን ያስቸግራል። ግን ከእሷ ተነስተህ ወደ ሳማራ ሲን ውረድ። ስሟ ገና ብዙ አልተሰማም። ትገጥማለች፣ ታዜማለች፣ ሁለቱም አያቅታትም።

አንድ ልጅ ልጨምርልህ። ሬድቬይል ይባላል፣ የሜሪላንድ ነው። በ2022 ያወጣውን አልበም ሲለቅ ገና 18 ዓመቱ ነበር፤ ቢቱንም ራሱ ነው የሚሠራው። አንዳንድ ቦታ ጥሬነት አለበት። ያን ጥሬነት ወድጄዋለሁ።

ስትሰማቸው ታዲያ የአድማጭ ቁጥራቸውን አትይ። ቁጥር አይተህ ከጀመርክ ገና ሳትሰማ ንቀሃቸዋል። ሲንግል (ለብቻው የወጣ አንድ ዘፈን) ብቻ ሰምተህም አትፍረድ፤ አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልቀቀው። ግጥሙ ተጽፎ ካገኘኸው ደግሞ እያነበብክ ስማ። ሙዚቀኞች ሥራቸውን በሚሸጡበት ድረ ገጽ በባንድካምፕ ላይ ካሉ ከዚያ ግዛ፤ ገንዘቡ ከሌላው ቦታ ይልቅ ወደ እነሱ ይደርሳል።

ጄአይዲን ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆየሁት፣ እንደምንጨቃጨቅበት ስለማውቅ። የአትላንታ ልጅ ነው፣ የራፐሩ ጄ. ኮል ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ) ነው ያስፈረመው። የአትላንታውን ቡድን አውትካስትን ለሚወድ ሰው ከእሱ የቀረበ አላገኘሁም። "ይፈጥናል፣ አይገባኝም" ትለኛለህ። ፍጥነቱን ለጊዜው ተወውና በ2022ቱ አልበሙ ውስጥ ስለ ቤተሰቡ የሚያወራባቸውን ዘፈኖች ስማ፤ ከዚያ በኋላ ስደበኝ።

ያንተንም ስሞች ላክልኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ አዲስ ነገር አልሰማሁም ብትለኝ አላምንህም።

ያንተው ወዳጅ