ትእዛዝ ስንቀበል

ውድ አባላት፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ያነሳችሁት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ገዢ የሚፈልገውን እየሣልን የራሳችንን ሥራ መቼ እንሥራ?

እኔ ትእዛዝ መቀበልን እንደ ውርደት አላየውም። የቤት ኪራይ በአድናቆት አይከፈልም። ችግሩ ያለው ውሉ ላይ ነው። ደንበኛው መጀመሪያ «ሰማዩን ትንሽ ፈካ አድርገው» ይላል። ቀጥሎ «ከሶፋው ጋር ይሂድልኝ»። በመጨረሻ ሸራው ላይ የናንተ ሆኖ የሚቀረው ፊርማው ብቻ ነው። ስለዚህ ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ሥራው ስንት ጊዜ እንደሚታረም በጽሑፍ ይስፈር። ቀብድም ተቀበሉ። የቅጂ መብቱ የማን እንደሆነ ይጻፍ። በጋለሪ ስትሸጡ ደግሞ ግማሹ ለጋለሪው ሊሄድ ስለሚችል ዋጋ ስታወጡ አስቡበት።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ማርክ ሮትኮ በ1958 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላለ የቅንጦት ሬስቶራንት ተከታታይ ሥዕሎች ለመሥራት ተዋውሎ ነበር። ሬስቶራንቱ ውስጥ ገብቶ እራት ከበላ በኋላ ግን ሐሳቡን ቀየረ። ገንዘቡን መለሰ፣ ሥዕሎቹንም አስቀረ። ዘጠኙ ዛሬ ለንደን፣ ቴት ሙዚየም ይገኛሉ። ወሬው ሁሌ የሚነሳው እንደ ጀግንነት ነው፤ ነውም። ግን ያኔ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። ከዚያ በፊት ከ20 ዓመት በላይ ልጆችን ሥዕል እያስተማረ ነው ለራሱ ይሥል የነበረው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው።

የውል ናሙና ያላችሁ፣ የደንበኛውን ስም ሰርዛችሁ ላኩልኝ። አሰባስቤ ለሁላችሁም አደርሳለሁ።