ለእማዬ፣ ስለ ሙት ዓመቱ ግጥም

አራት ኪሎ፣ ነሐሴ

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ለአባዬ ሙት ዓመት የጻፍሽው ግጥም ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ወል ቤት የሚባለውን የግጥም ልክ መምረጥሽ ጥሩ ነው፤ ስድስት ቀለም (ሲነበብ የሚቆጠር የድምፅ ምት)፣ ትንፋሽ፣ እንደገና ስድስት። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሰባት ስለሆነ «ግን»ን አውጪው፣ ይስተካከላል።

የከበደኝ «እንደ አደይ ረገፍክ» ያልሽው ነው። አባዬ ያረፈው በነሐሴ ነው። አደይ የምትፈነዳው መስከረም ሲጠባ ነው፤ በነሐሴ ያልፈካች አበባ አትረግፍም። ደግሞ ይቺን አበባ በየለቅሶው ስላረገፍናት ማንም አያያትም።

ኤሚሊ ዲክንሰን የምትባል የአሜሪካ ገጣሚ አለች። እ.ኤ.አ. ከ1840 እስከ 1855 ቤተሰቧ የኖረው ከመቃብር ቦታ አጠገብ ነበር። በ1844 እኩያዋ የሆነች ዘመዷ ሞተችባት። በዚያው በልጅነቷ 424 ዕፅዋት ለቅማ፣ አድርቃ፣ ደብተር ላይ ለጥፋ ስማቸውን ጽፋለች። ሰው ሁሉ «ሐዘን ገጣሚ አደረጋት» ይላል፤ እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። አባቷ የሞቱት በ1874 ነው፣ አብዛኛውን ግጥሟን ግን ከ1858 እስከ 1865 ባለው ጊዜ ጽፋ ጨርሳለች። የልጅነቱ ሐዘን ዓመታት ተኝቶ ነው ግጥም የሆነው፤ ሲወጣም አበባ በሚለቅመው ዓይኗ በኩል ወጣ። አንዱ ግጥሟ ላይ ሰው ሊሞት ሲያጣጥር ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የዝንብ ድምፅ ነው። የኛ ድንኳን ውስጥ ዝንብ ጠፍቶ ያውቃል? ግን ማን ይጽፋታል።

እሷ የመዝሙር ልክ ወስዳ፣ ስምንትና ስድስት ቀለም እያፈራረቀች፣ ቤቱን አንዳንዴ ሳትመታ ትተወዋለች። ይሄን አትከተዪ። የኛ ጆሮ ያው ፊደል ካልተመለሰለት ቤቱ ፈረሰ ነው የሚለው። ነገር ግን ስምንት ስንኝ በሙሉ በ«ህ» ደፍተሻል፦ ሄድህ፣ ተውህ፣ ራቅህ። ይሄ ቤት መምታት ሳይሆን የግሥ ጭራ መደርደር ነው። ሙሾ ላይ ዜማውና ደረት መምታቱ ይሸፍነዋል፤ ወረቀት ላይ ግን ራቁቱን ይቀራል።

ስለዚህ ሥላሴ ለኪዳን ስትሄጂ ከጽድ ዛፉ ሥር ትንሽ ቁሚ። ዝናብ ሲመታው ግንዱ ይጠቁራል፣ ቅርፊቱም በረጅሙ ይላጣል፤ ቅጠሉ ግን እንዳለ ነው። «ለምለም» አትበዪው፣ ያየሽውን ብቻ ጻፊ። «ሞት» የሚለውንም ቃል አውጪው፤ የሙት ዓመት ግጥም መሆኑን ሰሚው ያውቃል። ሰምና ወርቁን «ከረመ» ይሸከመዋል፦ በአፋችን ሰላምታ ነው፣ ሥሩ ግን ክረምትን መግፋት ነው። አፈር ውስጥ ያለን ሰው «እንዴት ከረምክ» ማለት ብቻውን ይበቃል። እኔ የሞከርኩት ይኸው፦

ጽዱ ውሃ ጠጥቶ፣ ሣሩ ቁመት ጨምሮ፤
አንተስ እንዴት ከረምክ፣ ያለ ቡና ዘንድሮ?

ጮክ ብለሽ አንብቢውና «ከረምክ» ላይ ትንፋሽ ውሰጂ። ቡናው ካልጣመሽ እሱ የሚወደውን ሌላ ነገር አግቢበት፣ ሁለት ቀለም ይሁን እንጂ። «ጠጅ» አንድ ቀለም ነው፣ ያጎድላል፤ «ጠላ» ይገባል።

ልጅሽ