ለሰይድ፣ ስለ ሶሪት

ውድ ወንድሜ ሰይድ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዓመት አለፈው፤ ይህን ያህል ዝም ማለት አይገባኝም ነበርና አውፍ በለኝ። ስለ ሶሪት ወፍና ለእሷ ስለሚተከለው ችግኝ የጠየቅኸኝን ግን አልረሳሁትም።

ወንዱን ከሴቷ መለየት አቃተኝ ብለሃል። በመልክ አይለዩም፤ መዝገብህ ላይ «ጥንድ» ብለህ ጻፍ። ሲፈላለጉ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይሳደዳሉ፣ ጉትያቸውን ያቆማሉ፣ በድምፅ ይቀባበላሉ፣ ከዚያ ፍሬ ይጎራረሳሉ። ክንፋቸው ሲዘረጋ ደግሞ ተደብቆ የነበረው ደማቅ ቀይ ብቅ ይላል። ያ ቀይ መዳብ ያለበት ቀለም ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት አርተር ቸርች በ1869 እ.ኤ.አ. መርምሮ አረጋግጦታል፤ ከቀለሙ ክብደት 6 ከመቶ ገደማው መዳብ ነው። ሳሙና ባለበት ውኃ ስለሚለቅ፣ ወድቆ ያገኘኸውን ላባ በሳሙና እንዳታጥበው።

ጎጆው ጭራሮ ጣል ጣል የተደረገበት ስስ መደብ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራውም ሐረግ በተጠላለፈበት ቅጠል ውስጥ ነው። «ደን እናጽዳ» ተብሎ ሐረግ ሲመነጠር የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። እንቁላሎቹ አብዛኛውን ጊዜ 2 ናቸው፤ ሁለቱም ወላጆች እየተፈራረቁ ሦስት ሳምንት ገደማ ይታቀፋሉ። አደራህን፣ ወጣቶቹ የሶሪትን ድምፅ በስልክ እያጫወቱ አይጥሯት። ባላንጣ የመጣ መስሏት ጎጆዋን ትታ ትወጣለች፤ ያን ጊዜ እንቁላሉ ለቁራ ይጋለጣል። ጫጩቶቹ መብረር ሳይችሉ ከጎጆ ወጥተው ቅርንጫፍ ላይ ይንጠላጠላሉ፤ የጠፉ መስሏቸው የሚያነሷቸው ሰዎች አሉ። መተው ነው።

አሁን ወደ ችግኙ ልምጣ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ሶሪት ፍሬ በሊታ ናት፤ ባሕር ዛፍ ምንም አያበላትም። የጎፍ ተራራ ላይ የምትተክሉ ከሆነ ወይራ፣ ጥድ፣ ዝግባና ሾላ አስቀድሙ። የወይራውን ፍሬ ሥጋ አጥባችሁ አውጡ፣ ጠንካራውን ሽፋን ውስጡን ሳትጎዱ ሰንጠቅ አድርጉት፤ አለዚያ መብቀሉ እጅግ ይዘገያል። ጥድ አብዛኛውን ጊዜ ወንድና ሴቱ የተለያየ ዛፍ ነው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ብቻ ናት። በችግኝነቱ ስለማይታወቅ አብዝታችሁ ትከሉ፤ ያደጉትን ሴት ጥዶች ደግሞ ምልክት አድርጉባቸው፣ ምሳር እንዳያርፍባቸው።

አተካከሉም ወሳኝ ነው። ሶሪት በቅርንጫፍ ላይ ሯጭ ናት፣ ረጅም በረራ ግን አይሆንላትም። ስለዚህ ችግኙን በየሜዳው ከመበተን፣ ካለው ደን ጫፍ ጀምራችሁ እያያያዛችሁ ቀጥሉ።

ደሴ ብርዱ በርትቷል፤ ኮምቦልቻ ሳይሻል አይቀርም። የሴት ጥዶቹን ብዛት ቆጥረህ ላክልኝ፤ ምን ያህል ዘር እንደሚለቀም ከዚያ ተነስተን እናሰላለን።

ያንተው ይማም
ደሴ