የምስጋና መልእክት፦ ለንስሐ አባቴ፣ ለጎረቤቴና ከጎኔ ለቆማችሁ ሁሉ

ከሁሉ በፊት ለዚህ ቀን ያበቃኝ እግዚአብሔር ይክበር ይመስገን። ባለፈው እሁድ ከልጆቼ ጋር ቆረብኩ።

የሆነውን ታውቁታላችሁ። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ደሴን ለቀን ስንወጣ እማዬ «ቤቴን ትቼ የትም አልሄድም» ብላ ቀረች። ስመለስ አልነበረችም። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

አባ፣ ስምዎን እንዳልጠራ ስለገዘቱኝ አልጠራም። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስተው «ሥራ በዛብኝ» እል ነበር። ሥራ አልነበረም። እናቷን ትታ የሸሸች ልጅ በምን ፊቷ መቅደስ ትገባለች እያልኩ ነው። ደጁ ድረስ እሄድና አጥሩን ተሳልሜ እመለሳለሁ። እርስዎ ግን ረቡዕ ረቡዕ ሰኞ ገበያ ድረስ በእግርዎ ይመጡ ነበር። በዚያ ዕድሜ፣ የጦሳ ጉም ወርዶ መንገዱ በማይታይበት ብርድ፣ በሃይላንድ ጸበል ይዘው። በር ሳልከፍት ስቀር ሃይላንዷን ደጃፌ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። አንድም ቀን «ለምን ቀረሽ?» ብለውኝ አያውቁም።

የዚያን ማታውን ሳልጽፍ ግን አላልፍም። ከሰል አቀጣጥዬ ተቀምጠናል። ፍሙን እየቆሰቆሱ «ልጄ፣ ጴጥሮስ ጌታውን የካደው የት ሆኖ ነው?» አሉኝ።

«እሳት ሲሞቅ።»

«ከትንሣኤው በኋላስ ጌታ ሦስት ጊዜ ‹ትወደኛለህን?› ብሎ የጠየቀው?»

ዝም አልኩ።

«እሱም የከሰል ፍም ባለበት ነው። መጀመሪያ ዓሣና እንጀራ አበላው። ከዚያ ነው የጠየቀው።»

አለቀስኩ። ጋቢዎን አውልቀው ደረቡልኝና በነጠላ ብቻ ወደዚያ ውርጭ ወጡ።

በአንድ ማታ አልዳንኩም። ንስሐ ገብቼም ያ ወቀሳ አልለቀቀኝም፤ ሁለት ሦስቴ ተመልሼ ቀርቻለሁ። «ልብሽ እስኪቀልልሽ አትጠብቂ፣ እንደከበደሽ ነይ» አሉኝ። እንደከበደኝ መጣሁ። ዛሬም አንዳንድ ቀን ይከብደኛል። እመጣለሁ።

የግድግዳ ጎረቤቴ፣ እርስዎ ሙስሊም ነዎት፤ የእማዬን ዓይን የከደኑላት ግን እርስዎ ነዎት። እኔ በሌለሁበት። ለተዝካሯም ሽንኩርት ሲልጡ አደሩልኝ። ይህን በምን ቃል ላመስግን? ይቅር፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ እናቴ።

የሰንበት ትምህርት ቤታችን መዘምራን፣ የእድራችን አባላት፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ ዘመዶቼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ብድራችሁን እሱ ይክፈል። ሳልጠቅሳችሁ የቀራችሁም አትቀየሙኝ፤ ረስቼ እንጂ ንቄ አይደለም። በተለይ ደውላችሁ ስልክ ያላነሳሁላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ስትደውሉ አይ ነበር።

አባ፣ ጋቢዎ ታጥቦ ደርቋል። ረቡዕ እኔ ይዤው እመጣለሁ። እርስዎ አይድከሙ።