መሬቱ በማን እጅ ነው?

ለአዘጋጁ፦

አንዳንድ ሰፈር ጎረቤቱ በሀብታሞች ሲዋጥ ለምን ነባር ነዋሪዎቹን ይዞ ይቆያል? ብዙዎች የነዋሪው ጽናት ነው ይላሉ። እኔ ግን የመሬት ይዞታውን አስቀድማለሁ። ተከራይ የቱንም ያህል ቢጸና ኪራይ ሲጨመርበት ዕቃውን ጠቅልሎ ይወጣል።

በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ያለውን የደድሊ ጎዳና ሰፈር እንይ። ቆሻሻ ይደፋባቸው የነበሩ ባዶ ቦታዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 ነዋሪዎቹ እነዚህን ቦታዎች ከባለቤቶቻቸው በሕግ የመውሰድ ሥልጣን አገኙና በጋራ ያዟቸው። እዚያ ቤቱ ይሸጣል፣ መሬቱ አይሸጥም። የቤቱም መሸጫ ዋጋ ጣሪያ አለው። ደላላ ቢመጣ ምን ያገኛል?

መሬቱ በብዙ ትናንሽ ባለይዞታዎች እጅ ከሆነም ገንቢው ከሁሉም ጋር መደራደር ስላለበት ይዘገያል። ይህ ግን ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም።

ስለዚህ ከተሞች ባዶ የሕዝብ መሬት ለጨረታ ከማውጣታቸው በፊት ለሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር የ90 ቀን የመግዛት ቅድሚያ ይስጡ።

አንድ አንባቢ