ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦ የተቀረጹ ድንጋዮችን በግራም ማስከፈል ስለማቆማችን

የተቀረጹ የከበሩ ድንጋዮችንና የብርጭቆ ሥራዎችን የማንጸባረቂያ ዋጋ በግራም ማስላቱን ትተን በሥራ ሰዓት ማስከፈል ከጀመርን፣ የወሎ ኦፓልንም በዕለቱ ሠርቶ ማስረከብ ካቆምን ወዲህ ብዙዎቻችሁ ቅር እንደተሰኛችሁ በስልክም፣ በአካልም፣ በሰው በኩልም ሰምተናል። ለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን የሚቀለበስ ስላልሆነ ምክንያቱን ከእኔ ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ይህን ጽፌያለሁ።

ከሁሉም ያሳዘነኝ «ትንሿን መስቀል ከትልቁ ፈርጥ አስበልጣችሁ አስከፈላችሁን» የሚለው ቅሬታ ነው። እውነት ነው፣ አስከፍለናል። ፈርጡ ጀርባው ዝርግ፣ ፊቱ ጉብ ያለ ስለሆነ በትልቁ ተሽከርካሪ ዲስክ ላይ ይለሰልሳል። የመስቀሏ ክንፎች የሚገናኙበት ማዕዘንና በመካከሏ የተጠለፈው ሐረግ ውስጥ ግን ዲስክ አይደርስም፤ እዚያ የሚገባው በእጅ በሚያዘው መሣሪያ ጫፍ ላይ የሚሰካ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ የእንጨት ወይም የተጠቀጠቀ ሱፍ ራስ ብቻ ነው። ሱፉ ቶሎ ያበራል፤ ነገር ግን ለስላሳ በመሆኑ ሹሉን ጠርዝ ያዶለዱማል፣ ቀራጩ በስንት ድካም ያወጣውንም መስመር ይበላዋል። ስለዚህ ጠርዙን በእንጨት ራስና በአልማዝ ዱቄት ከ600 ቁጥር ተነሥተን (ቁጥሩ ሲጨምር ዱቄቱ ይደቅቃል) በ1200፣ በ3000 እና በ8000 እያለፍን እስከ 14000 ድረስ እንሠራዋለን። ለኦፓልና ለብርጭቆ ሱፉ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ሴሪየም ኦክሳይድ ከሚባለው የማንጸባረቂያ ዱቄትና ከውኃ ጋር ነው። በየደረጃው መካከል ድንጋዩ በብሩሽ ይታጠባል፤ የእያንዳንዱ ቁጥር ራስም በየራሱ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጣል፤ አንዲት የ600 ቁጥር ቅንጣት ሱፉ ላይ ከቀረች የዋለበትን ሥራ ሁሉ ጭራ ታበላሸዋለችና። ይህን ድካም ሚዛን አይለካውም።

ኦፓሉን በተመለከተ፣ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወሎ ውስጥ ከደላንታ ወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው ድንጋይ ውኃ የሚጠጣ መሆኑን ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ሲረጥብ መስታወት ይመስላል፣ ሲያንቀሳቅሱት የሚለዋወጠው የቀለም ጨዋታውም ይደበዝዛል። በዘይት የተለወሰ የአልማዝ ቅባት ከተጠቀምንበት ዘይቱን ስለሚስበው በውኃ የሚለወሰውን ብቻ እንጠቀማለን። ውኃውን ትተን በደረቁ እንሥራው ብንል ደግሞ የሚሽከረከረው ሱፍ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከቆየ ድንጋዩ ይግልና ይሰነጠቃል። ሠራተኞቻችን ሲሠሩ ድንጋዩን ደጋግመው ጉንጫቸው ላይ የሚያስነኩት ሙቀቱን ለማወቅ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላም ከፀሐይና ከማሞቂያ ርቆ በዝግታ እስኪደርቅ ቀናት ይፈልጋል። «ዛሬውኑ ስጡን» የሚለን ደንበኛ ቀለሙ የጠፋ ድንጋይ ይዞ ቢሄድ፣ ወይም በችኮላ ደርቆ ቢሰነጠቅበት፣ የሚያዝነው በእኛ ነው።

ወጪውንም መደበቅ አልፈልግም። የአልማዝ ዱቄቱ፣ ሱፉና ሴሪየሙ ሁሉም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ያኔ እናንተም ገበያው ቀዝቅዞባችሁ ነበርና የእኛን ዋጋ ባለበት አቆየነው። ከዚያ ወዲህ ወጪ ለመቀነስ የቀረበልኝ ምክር ብዙ ነበር፦ ደረጃዎቹን አሳጥር፣ በላዩ ላይ ቫርኒሽ ቀባ፣ ውኃውንና የአቧራ ጭምብሉን ተው ተብያለሁ። የድንጋይ አቧራ ሳንባ ይበላል። ከእኔ ጋር ያደጉ ልጆች ጤናቸውን ከፍለው ዋጋችን እንዲረክስ አልፈቅድም፤ እናንተም እንደማትፈቅዱ አምናለሁ።

ይህን ቤት በአንዲት ሞተር በኪራይ ክፍል ስጀምር ያለ ደረሰኝ፣ በቃሌ ብቻ አምናችሁ ድንጋያችሁን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ያመጣችሁት የቤተሰብ ማስታወሻ ነበር፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ ያፈሰሳችሁበት የሻኪሶ ኤመራልድ። አንድም ቀን አልተጠራጠራችሁኝም። ስለዚህ «ተለወጡ፣ የፈረንጅ ገበያ ብቻ ነው የሚፈልጉት» መባሉን ስሰማ ከልቤ ከብዶኛል። ለውጭ አገር ሰው የተለየ ዋጋም የተለየ ሥራም የለንም።

የዋጋ ለውጡን ከማስታወቃችን በፊት የተረከብናቸው ሥራዎች ሁሉ በቀድሞው የግራም ዋጋ ይጠናቀቃሉ። ቅርጽ የሌለባቸው ዝርግና ጉብ ያሉ ፈርጦችም እንደ ወትሮው በግራም ይቀጥላሉ። የተቀረጸ ሥራ ስታመጡ ግምታዊ ሰዓቱን ከእናንተ ጋር አይተን አስቀድመን በጽሑፍ እንሰጣችኋለን፤ ከዚያ በላይ ቢፈጅ የተጨማሪውን ሰዓት ወጪ የምንሸከመው እኛ ነን። ለሠርግ ወይም ለጉዞ የሚደርስ የኦፓል ሥራ ያላችሁ እባካችሁ ቀኑን ቀደም አድርጋችሁ ንገሩን። ተቀይማችሁ ድንጋያችሁን የወሰዳችሁ ደንበኞቻችንም መልሳችሁ ብታመጡልን ደስታችን ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት
አዲስ አበባ